ተወስኗል ያልኩ ቀን

«የአትሌቲክስ ዲሬክተር ነኝ» ስል ያገሬ ሰው ቶሎ ብሎ «እነማንን አሠልጥነሻል?» ይለኛል። አልፈርድበትም። በአማርኛ አትሌቲክስ ማለት ሩጫ ነው፤ ቢበዛ ዝላይና ውርወራ ይታከልበታል። አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ግን ቃሉ ስፖርቱን በሙሉ ጠቅልሎ ይይዛል። ቅርጫት ኳሱ፣ ቤዝቦሉ፣ ቮሊቦሉ፣ ጎልፉ፣ ያ የራስ ቁር ደፍተው የሚላተሙበት ፉትቦላቸው ሳይቀር አትሌቲክስ ነው። እኔ የዚህ ሁሉ ኃላፊ ነኝ። ሯጭ አላሠለጥንም። በጀት እደለድላለሁ፣ አሠልጣኝ እቀጥራለሁ፣ አሠልጣኝ አሰናብታለሁ፣ ለጋሽ ምሳ እጋብዛለሁ። ቡድን የጫነ አውቶቡስ እኩለ ሌሊት ላይ መንገድ ዳር ሲቆም የሚደወለው እኔ ጋ ነው።

ይሄን የቃል ልዩነት ማስረዳት ድሮ ያስቀኝ ነበር። አሁን ያመኛል። በአማርኛው ትርጉም ከሄድን እኔ አትሌቲክስን የዘጋሁ የአትሌቲክስ ዲሬክተር ነኝ። የወንዶቹን የሩጫ ቡድን፣ ሃያ ስምንት ልጆች፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዘጋሁት።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ስለመዘጋቱ ግቢው ውስጥ ያልተባለ የለም፤ እሱን መድገም አልፈልግም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ በዚያ ስብሰባ መሃል ያለፈች አምስት ሰከንድ ነች።

የፉትቦሎቹ ክፍል

ኤፕሪል አጋማሽ ነበር። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ ሌላ ኮሌጅ መፈለግ ካለባቸው ሴሚስተሩ ሳያልቅ ቢያውቁት ይሻላል ብዬ ነው። ለሁላችን የሚበቃ ባዶ ክፍል የፉትቦል ቡድኑ የጨዋታ ቪዲዮ የሚያይበት ብቻ ነበር። ወንበሮቹ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሰው እንዲሸከሙ ተብለው የተገዙ ናቸው። የኔ ሯጮች፣ አብዛኞቹ ስድሳ አምስት ኪሎ የማይሞሉ፣ እዚያ ውስጥ ሲቀመጡ ጠፉ። አንዱ እግሩን አጥፎ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ገና ከልምምድ መምጣታቸው ስለነበር ክፍሉ ላብና እርጥብ ሳር ሸተተ። ረዳቴ ለመልካም አስባ አንድ ካርቶን ሶፍት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። ልጆቹ ሶፍቱን አዩት። እኔ አፌን ሳልከፍት ገባቸው።

እጄ ላይ አንድ ገጽ ወረቀት አለ። መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ የኮሌጁ ጠበቃ አረመው፣ ከዚያ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ አረመው። ተመልሶ እኔ ጋ ሲደርስ «እኔ» የሚል ቃል አልቀረበትም። ባጭሩ «የስፖርት ዓይነቶችን ቁጥር ለማስተካከል ተወስኗል» ነው የሚለው። በእንግሊዝኛ እያነበብኩት በጆሮዬ የሚሰማኝ አማርኛው ነበር። ተወስኗል። በልጅነቴ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ፣ ቀበሌ በር ላይ ተለጥፎ የማነበው ቃል። ክፍያ እንዲጨመር ተወስኗል። ውሃ በፈረቃ እንዲሆን ተወስኗል። ማን እንደወሰነ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ቃሉ ራሱ ጠያቂ እንዳይመጣበት ሆኖ የተሠራ ነው።

አሜሪካኖቹ ግን ይጠይቃሉ። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ፣ ካልሲው ላይ ጭቃ እንደደረቀ፣ «ማን ነው የወሰነው?» አለኝ።

«ኮሌጁ» አልኩ።

ኮሌጁ! ሕንፃዎቹ ተሰብስበው እጅ ያወጡ ይመስል።

ቀጥላ ነው ያቺ አምስት ሰከንድ የመጣችው። ከኋላ ረድፍ አንድ ሦስተኛ ዓመት ልጅ፣ በ8 ኪሎ ሜትር ከሁሉም የሚሻለን፣ እጁን ሳያወጣ ተናገረ። «በታይትል ናይን ምክንያት ነው፣ አይደል? ለሴቶቹ ሲባል ነው።» ታይትል ናይን ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያዳላ የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ ነው። ልጁ መልሱን ይዞ ነው የመጣው፤ ከእኔ የፈለገው ማህተም ብቻ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁሉም ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እኔም «ብዙ ነገሮች ከግምት ገብተዋል» አልኩና አገጬ ወረድ አለ።

ነቀነቅኩ ወይስ አልነቀነቅኩም እያልኩ ከራሴ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። ወረቀቱን ለማየት ነው ጎንበስ ያልኩት ብያለሁ። አንገቴ ደክሞት ነው ብያለሁ። የለም፣ ነቅንቄያለሁ። ስነቀንቅም ክፍሉ ሲተነፍስ ሰማሁት። ንዴቱ ከእኔ ላይ ሲነሳ ኩንታል ከትከሻዬ የወረደ ያህል ቀለለኝ። ግን ንዴት ተኖ አይጠፋም፤ ሄዶ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ያን ቀን እኔ አፌን ዘጋሁ፣ ዝንቡ የሰው አፍ ገባ።

መጨረሻ ላይ አንዱ «ነገ ልምምድ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ። ወረቀቱ ላይ የለማ። አሠልጣኛቸው ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ወንዶቹንም ሴቶቹንም የሚያሠለጥነው እሱ ነው፤ የሥራውን ግማሽ ያጣው በዚያችው ደቂቃ ነው። «አለ» አለ። «ጠዋት 12 ሰዓት።»

ሠላሳ ሰባት ቃላት

ታይትል ናይን እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት ሕግ ነው። ዋናው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ 37 ቃላት ነው። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ማንንም በጾታው ምክንያት እንዳያገልል ይከለክላል። ስፖርት የሚል ቃል የለበትም። ስፖርቱን ያስገቡት በኋላ የወጡት ደንቦች ናቸው። በ1979 የወጣው ማብራሪያ ደግሞ ለኮሌጆች ሦስት መንገድ ሰጠ። ወይ የሴት ስፖርተኞችሽ ድርሻ ከሴት ተማሪዎችሽ ድርሻ ጋር ይመጣጠን። ወይ ለሴቶች ዕድል እያሰፋሽ መምጣትሽን አሳዪ። ወይ ደግሞ ያሉት ሴቶች የሚፈልጉት ስፖርት እንደተሟላላቸው አሳዪ። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል።

ከሕጉ በፊት በመላ አገሪቱ ኮሌጅ ውስጥ የሚወዳደሩ ሴቶች ከ30,000 አይበልጡም ነበር። ዛሬ የኮሌጅ ስፖርቱን በሚያስተዳድረው ማኅበር፣ በኤንሲኤኤ ሥር ብቻ፣ ከ200,000 በላይ ናቸው። ከእነዚያ መሃል አንዷ እኔ ነበርኩ። አሜሪካ የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ሩጫ ያስገቡኝ ችሎታ አይተውብኝ አይደለም፤ ኢትዮጵያዊት ናት ስለተባለ ነው። አራተኛ ሆኜ ስጨርስ አሠልጣኜ ፊቱን ያጠቁር ነበር፣ አገሬን ያሳጣሁ ይመስል። ያም ሆኖ ኮሌጅ ግማሽ ክፍያዬን ሸፈነልኝ። ያ ገንዘብ ለእኔ የተገኘው በእነዚያ 37 ቃላት ምክንያት መሆኑን ያወቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ ሕጉ ያመጣው ሁሉ ማር አይደለም። ከ1972 በፊት ከመቶ የሴት ቡድኖች ከዘጠና በላይ የሚሆኑትን የሚያሠለጥኑት ሴቶች ነበሩ። አሁን ከግማሽ በታች ናቸው። ገንዘቡ ሲመጣ ወንዶቹም መጡ፤ የሴቶቹና የወንዶቹ ክፍል ሲዋሐድ ወንበሩ ላይ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ዲሬክተር ነው። የዲሬክተሮች ስብሰባ ስገባ ዛሬም ሴቶቹን በዓይኔ እቆጥራለሁ።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። ሕጉ የወንድ ቡድን ዝጋ አይልም። የትምህርት ሚኒስቴሩ በ2003 ባወጣው ደብዳቤ ቡድን መዝጋትን ሕጉ እንደማያስገድድ፣ የማይደገፍ አሠራር እንደሆነም በግልጽ ጽፏል። ይሄን የማያውቅ ዲሬክተር የለም። በየዓመቱ ለአዳዲስ አሠልጣኞች ይሄን ደብዳቤ የማስረዳው እኔ ነኝ። ከኋላ ረድፍ ለተነሳው ልጅ «አይደለም፣ ሕጉ እንዲህ አይልም» ለማለት አሥር ሰከንድ አይፈጅብኝም ነበር።

ነገሩን የሚያወሳስብብኝ አንድ ነገር አለ፣ እሱንም ልናገረው። ቡድኑ ይዘጋ ብዬ ለኮሌጁ ፕሬዚዳንት በጻፍኩት ማስታወሻ አራተኛው ነጥብ «የጾታ ምጥጥኑን ያሻሽላል» ይላል። ውሸት አይደለም። ሯጭ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። በመከር አገር አቋራጭ፣ በክረምት የቤት ውስጥ፣ በጸደይ የመም ውድድር። ያው ልጅ፣ ያው ጫማ፣ ሦስት ስፖርት። ሃያ ስምንቱ ልጆች በሙሉ ሦስቱንም ስለሚሮጡ ሲወጡ ከወንዶቹ ዓምድ ላይ ሰማንያ አራት ተቀነሰ። ስለዚህ አገጬ ሲወርድ የሚደገፍባት አንዲት ትንሽ እውነት ነበረችው። ባዶ ውሸት ቢሆን ኖሮ እዋሸው አልነበረም፤ እኔን የጣለችኝ ያቺ አራተኛ ነጥብ ነች።

አንደኛው ነጥብ

አንደኛው ነጥብ ገንዘብ ነበር። የተማሪ ቁጥር ቀንሷል፣ ፕሬዚዳንቱ የምቀንሰውን መጠን ሰጡኝ፣ ከየት እንደምቀንስ ግን ለኔ ተዉልኝ። ሰው «ሚሊዮኖቹንስ ምን አደረጋችኋቸው?» ይለኛል። ዜናውን ሰምቶ ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው 20.5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። እኛ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ነን። ያን ገንዘብ የምናየው እንደናንተ በስልክ ነው።

ኤክሴል ከፈትኩ። በእኛ ዲቪዚዮን አንድ ኮሌጅ ቢያንስ አሥር ስፖርት ሊኖረው ይገባል፤ ሩጫው ሲወጣ ሦስት ስለሚቀንስ መጀመሪያ ያረጋገጥኩት ከአሥር አለመውረዳችንን ነው። ቀጥሎ ፉትቦልን አየሁ። መቶ አሥር ተጫዋች አለን። ደንቡ ለፉትቦል ከ36 ሙሉ ስኮላርሺፕ በላይ አይፈቅድም፤ እሱ ለሁሉም ይከፋፈላል፣ ቀሪውን ክፍያ ቤተሰብ ይሸፍናል። ስለዚህ ፉትቦል ውድ ቢሆንም ተማሪ ያመጣል፣ ተማሪው ክፍያ ያመጣል። አለፍኩት። ቴኒስን አየሁ። የቴኒስ ሜዳው ላይ የአንድ ቤተሰብ ስም አለ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል። አለፍኩት። ቤዝቦል። የቤዝቦል ወላጆች በአንድ ኢሜይል ሁለት መቶ ሰው መቀስቀስ ይችላሉ። አለፍኩት።

ሩጫው ጋ ደረስኩ። ሩጫ ትኬት የለውም። ስታዲየም የለውም። ወላጆቹ ዛፍ ሥር ቆመው ልጃቸው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ፣ ሲያልፍ ያጨበጭባሉ፣ ወደ ሌላው ዛፍ ይሮጣሉ። ስሙ የተጻፈበት ሕንፃ የለም። ደንቡ ለወንዶቹ ሩጫ እስከ 12.6 ስኮላርሺፕ ይፈቅዳል፤ እኛ የምንሰጠው አምስት ነበር፣ ለሃያ ስምንት ልጅ ተሸራርፎ። አንዱ የሚደርሰው የመጽሐፍ መግዣ ብቻ ነው። ጣቴ እዚያ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት «የሚጎዳው ሰው ጥቂት ነው» የሚል ነበር። ምክንያቴ የሚጮኸው ሰው ማነሱ ነበር።

እናቴ በሳምንቱ ደወለች። «አንቺ፣ ሩጫ ዘጋሽ አሉ?»

«ማን ነገረሽ እማዬ?»

«ምን አገባሽ ማን እንደነገረኝ። ዘግተሻል አልዘጋሽም?»

«ዘግቻለሁ።»

ትንሽ ዝም አለች። «ያባይን ልጅ ውሃ ጠማው» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነው የምታወራው። ከዚያ ልጆቹን ምን እንዳልኳቸው ጠየቀችኝ። ተወስኗል አልኳቸው አልኩ። እናቴ አርባ ዓመት መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርታለች። ሳቀች። «እሱን ቃል እዚያም ይዘሽው ሄድሽ?»

አንቺ

በእንግሊዝኛ አንቺና እርስዎ የለም። ተማሪዎቹ «ዩ» ሲሉኝ እኔ ጆሮ ውስጥ እርስዎ ሆኖ ነው የሚገባው። በዕድሜም በቦታም እበልጣቸዋለኋ። ስብሰባው ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሴቶቹ ሩጫ ካፒቴን ቢሮዬ ገባች። ቁጭ አለች፣ ላፕቶፗን ከፈተች፣ ወደኔ አዞረችው። ያን ቀን የምትለኝ ሁሉ አንቺ ሆኖ ተሰማኝ።

ስክሪኑ ላይ ያለው የራሴ ሪፖርት ነው። በ1994 በወጣ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ኮሌጅ በየስፖርቱ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት እንዳለው፣ ስንት ገንዘብ እንዳወጣ በየዓመቱ ለመንግሥት ያሳውቃል፤ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ያየዋል። የሚያየው ግን ጥቂት ነው። እሷ አይታዋለች። በቢጫ ቀለም አቅልማዋለች።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «ወንዶቹ ምሳ ላይ ከእኛ ጋር አይቀመጡም። ከስብሰባው ማግስት ጀምሮ። መልበሻ ክፍላችን ሰሌዳ ላይ አንድ ሰው ‹ደስ አላችሁ?› ብሎ ጽፎ ነበር። እኛ እኮ አንድ አሠልጣኝ ነው ያለን። አንድ አውቶቡስ። ለሦስት ዓመት ጠዋት ጠዋት አብረን ሮጠናል።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አሳየችኝ። የሩጫው ወጪ ከፉትቦሉ አንድ ስድስተኛ አይሞላም። «ፉትቦል መቶ አሥር ተማሪ ያመጣል ብለሻል፣ የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ አንብቤዋለሁ። እሺ። እነዚህ ሃያ ስምንቱስ? አምስት ስኮላርሺፕ ነው የተካፈሉት። ሌላውን ቤተሰባቸው ነው የሚከፍለው። ለእነዚያ የቆጠርሽውን ለእነዚህ ለምን አልቆጠርሽም?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቴን ነው፣ ያን ሂሳብ አልሠራሁትም ነበር። የኤክሴል ወረቀቴ ላይ ለፉትቦል «የሚያመጣው ገቢ» የሚል ዓምድ አለ። ለሩጫ የለም። ዓምዱን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ልተወው ለፈለግሁት ቡድን ማስረጃ ፈለግሁ፣ ልዘጋው ለፈለግሁት አልፈለግሁም።

ጫማዋን አየሁ። ተረከዙ በአንድ በኩል ተበልቷል፣ ሯጭ ሁሉ እንደሚሆነው። የኔም በግራ በኩል ነበር የሚበላው። እዚያ ወንበር ላይ እኔ በእሷ ዕድሜ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ስል አሰብኩ። ያን ጊዜም ለእኔ ገንዘብ ሲገኝ አንድ ወንድ ቡድን ተዘግቶ ይሆናል። አንድ ዲሬክተር ቆሞ አገጩን ዝቅ አድርጎ ይሆናል። ምሳ ላይ ለምን እንደሆነ ያልገባኝ ዝምታ ደርሶብኝ ያውቅ ይሆን?

«እኔ ነኝ የመረጥኩት» አልኳት። «በእናንተ ምክንያት አይደለም።»

ላፕቶፗን ዘጋች። «እሱን እኔ አውቀዋለሁ። ለእነሱ ንገሪያቸው።»

ለጠበቃው ደወልኩ። የተጻፈው መግለጫ በቂ ነው፣ ተጨማሪ ንግግር ለክስ በር ይከፍታል አለኝ። ትክክል ነው፤ ሥራው ይሄንን መንገር ነው። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ከጠበቃው ይልቅ ያን ክፍል ፈርቼ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ መኪናዬን ሳሩ ዳር አቁሜ ጠበቅኋቸው። ወንዶቹና ሴቶቹ ለየብቻ ቆመው ነው የሚያሟሙቁት፣ መሃላቸው የመኪና መንገድ ያህል ክፍተት አለ። ወረቀት አልያዝኩም። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ወሰንኩ አልኳቸው። በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት፣ ግን ልናገረው ስል አፌ ላይ የመጣው አማርኛው ነው። ተወስኗል ውስጥ ሰው የለም። ወሰንኩ ውስጥ ያቺ መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ኩ» እኔ ነኝ፤ አውጥቼ ልጥላት ብል ቃሉ ይፈርሳል። እኔ ወሰንኩ፣ ሌላም መምረጥ እችል ነበር፣ ሕጉ አላስገደደኝም፣ እነዚህ ልጆች ምንም ያደረጉት የለም አልኩ። ከደቂቃ ተኩል አይበልጥም።

ማንም አላቀፈኝም። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶኝ መሮጥ ጀመረ። ያ የኋላ ረድፍ ልጅ ግን አልሄደም። «ታዲያ ያን ቀን ለምን ነቀነቅሽ?» አለኝ። አይቶታል። ስንት ቀን ከራሴ ጋር የተከራከርኩበትን ነገር በግልጽ አይቶታል።

«ስለቀለለኝ» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን ታዝቤሻለሁ ማለቱ አላውቅም።

መከር

ቡድኑ አልተመለሰም። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በጁላይ 2020 አሥራ አንድ ስፖርት እዘጋለሁ ብሎ፣ የቀድሞ ተማሪዎቹ ሲነሱበት በሜይ 2021 ውሳኔውን ሽሯል። እኛ እንደዚያ የሚነሳልን የቀድሞ ተማሪ የለንም። የመረጥኩትም ለዚያ አልነበር?

ከሃያ ስምንቱ አሥራ ዘጠኙ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሄዱ። ክፍያቸውም አብሮ ሄደ። በሴፕቴምበር ሂሳቡን ስዘጋው አተርፋለሁ ካልኩት ገንዘብ ከግማሽ በላዩ ጠፍቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ቦርዱ ፊት ሳቀርበው «ትንበያው ተሳስቷል» የሚለውን ሰርዤ «ተሳስቻለሁ» አልኩ። አንድ ሽማግሌ የቦርድ አባል መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ለደመወዝ ጭማሪ ጥሩ ዓረፍተ ነገር አይደለም።

የኋላ ረድፉ ልጅ አልሄደም። ስኮላርሺፓቸው እስኪመረቁ እንደማይነካ ቃል ገብተን ነበር፣ እሱ አንድ ዓመት ቀርቶታል፣ የሚማረውንም ይወደዋል። አንድ ቀን ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አየሁት። እጁ ላይ ቅጽ አለ። ኤንሲኤኤ ወንድ ተማሪ ከሴት ቡድን ጋር እንዲለማመድ ይፈቅዳል፤ አይወዳደርም፣ ግን እንደማንኛውም ስፖርተኛ ምርመራ ያደርጋል፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን አለበት። እኔ ይሄን አሠራር ብዙም አልወደውም። በቅርጫት ኳስ ተቀያሪ ሴቶቹ ቆመው ወንዶቹ ሲለማመዱ አይቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ካፒቴኗ ጋ ደወልኩ። «ሐሳቡ የኔ ነው» አለችኝ። «ለመጨረሻዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚያባርረን ሰው እንፈልጋለን።»

ቅጹን ተቀበልኩት። ሐኪሙ ፈርሟል። አሠልጣኙ ፈርሟል። ከታች «የፈቀደው ሰው» የሚል መስመር ባዶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ የክፍሉን ማህተም ነው የምንመታው። ማህተሙ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። እስክሪብቶ አነሳሁና ስሜን እስካባቴ ጻፍኩት። የኛ አገር ስም ለእነሱ ቅጽ ይረዝማል፣ ከመስመሩ ወጣ።

ልጁ ወረቀቱን ገልብጦ አየው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው።

«ነገ ነው የምጀምረው?»

«ነገ። ጠዋት 12...»

«ሰዓቱንማ አውቀዋለሁ» አለና ወጣ።